ሳይቃጠል በቅጠል፦ ከቦርኒዮ ረግረግ እስከ ኮንጎ

«ረግረግ» ሲባል ፊቱን የማያኮሳትር ሰው ጥቂት ነው። ትዝ የሚለን ትንኝ፣ ወባ፣ የእንቁራሪት ጩኸትና ጭቃ ውስጥ የቀረ ጫማ ነው። ልጆች ሆነን የሰማነውም ያንኑ ነበር፤ ረግረግ ውሃው ተጠንፍፎ እርሻ ወይም ሰፈር ካልሆነ በቀር ባዶ ቦታ ነው። እውነቱን ለመናገር እኛም ለዚህ ጽሑፍ ብለን ማገላበጥ እስክንጀምር ድረስ ከዚህ የተለየ አስተያየት አልነበረንም።

ይኸውላችሁ፣ ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ሁለት ረግረጎች ነው። አንዱ ኢንዶኔዥያ ውስጥ፣ ቦርኒዮ ደሴት ላይ ነው፤ እሱ ነዷል። ሁለተኛው ሁለቱ ኮንጎዎች የሚጋሩት ነው፤ እሱ እስካሁን ብዙም አልተነካም። በመጀመሪያው ቃጠሎና በሁለተኛው ረግረግ ዜና መካከል ሃያ ዓመት ያህል አለ። በዚያ ሃያ ዓመት ውስጥ ከአመድ የተለቀመ እውቀት ውቅያኖስ ተሻግሮ አፍሪካ ገብቷል። ያገራችን ሰው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል። ጥያቄው ይህች ምክር ለኮንጎ በሰዓቱ ደርሳለች ወይ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍነው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ከወዲሁ ይታወቅልን።)

መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው

ጉራጌ አገር ቆጮ እንዴት እንደሚቀበር ያየ ሰው ይህን ክፍል ለመረዳት አይቸገርም። ጉድጓዱ በእንሰት ቅጠል ይለበዳል፣ ቆጮው ይጠቀጠቃል፣ ከላይ ድንጋይ ይጫንበታል። ዋናው ቁም ነገር አየር እንዳይገባው ነው። አየር ያላገኘው ቆጮ ለዓመታት ሳይበላሽ ይቆያል።

ውሃ የማይለቀው ረግረግም የሚሠራው ተመሳሳይ ሥራ ነው። ቅጠል ይወድቃል፣ ቅርንጫፍ ይሰበራል፣ ዛፍ ይገነደሳል። ደረቅ መሬት ላይ ቢሆን ባክቴሪያና ሻጋታ በልተው ይጨርሱት ነበር። ውሃ ውስጥ ግን ኦክስጅን ስለሌለ መበስበሱ ይጓተታል፤ የዘንድሮው በአምናው ላይ ይደረባል። ክምችቱ በዓመት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው የሚያድገው፤ አንዳንዴ እንዲያውም ከዚያ በታች። አሥር ሺህ ዓመት ሲያልፍ ግን ሜትሮች ጥልቀት ያለው ጥቁር አፈር ይሆናል። ይህን አፈር ፈረንጆቹ «ፒት» ይሉታል፤ እኛም የተሻለ ቃል እስክናገኝለት ድረስ በዚሁ እንጥራው።

ፒት ከዓለም የብስ መሬት የሚሸፍነው 3 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የያዘው ካርቦን ግን በዓለም ደኖች ሁሉ ዛፎች ውስጥ ካለው ይበልጣል። ውሃው እስካለ ድረስ ያ ሁሉ ካርቦን ተኝቷል። ውሃው ሲጠፋ አየር ይገባል፣ መበስበሱ ይጀምራል። የደረቀ ፒት ደግሞ ልክ እንደ ኩበት ነው፤ አየርላንድና ሩሲያ ውስጥ ሰው እየቆረጠ ሲያነደው ኖሯል። አንድ ጊዜ እሳት ከገባው ከመሬት በታች እየተጎለጎለ ሳምንታትና ወራት ይቆያል።

ወፎቹ ቀድመው ገቡ

የዓለም ሳይንቲስቶች ስለ ረግረግ በአንድ ላይ መነጋገር የጀመሩት በካርቦን ምክንያት አልነበረም፤ በወፍ ነበር። ሉክ ሆፍማን የሚባሉ ስዊዘርላንዳዊ የወፍ ተመራማሪ በ1954 ደቡብ ፈረንሳይ፣ ካማርግ ረግረግ ውስጥ የምርምር ጣቢያ ከፈቱ። ሰውየው የትልቅ መድኃኒት ፋብሪካ ወራሽ ነበሩ፤ ልባቸው ያለው ግን ዳክዬ ዘንድ ነበር። በ1962 በዚያው አካባቢ ጉባኤ ተጠራና የአውሮፓ ረግረጎች በምን ፍጥነት እየደረቁ እንደሆነ ተነገረ። ተሰደው የሚኖሩ ወፎች ድንበር አያውቁም፤ አንዱ አገር ቢጠብቃቸው ሌላው ካደረቀባቸው ዋጋ የለውም። ስለዚህ ውል ያስፈልጋል ተባለ።

ውሉ ግን ስምንት ዓመት ፈጀ። ዘመኑ የቀዝቃዛው ጦርነት ነው። በ1968 ሌኒንግራድ ላይ ስብሰባ ሲጠራ የሶቭየት ታንኮች ፕራግ ከገቡ ገና ሳምንታት ቢሆን ነው፤ ብዙ የምዕራብ አገሮች ልዑካን ቀሩ። ተመራማሪዎቹ ግን መጻጻፋቸውን አልተዉም። በመጨረሻ ኢራናዊው እስክንድር ፊሩዝ አስተናጋጅ ሆነው፣ በካስፒያን ባሕር ዳር በምትገኘው ራምሳር ከተማ፣ በየካቲት 1971 የ18 አገሮች ተወካዮች ተስማሙ። የራምሳር ስምምነት የተወለደው እንዲህ ነው። ዛሬ ከ170 በላይ አገሮች ገብተውበታል።

ታዲያ የስምምነቱ ሙሉ ስም ራሱ ረግረግን የሚያየው «በተለይ የውሃ ወፎች መኖሪያ» አድርጎ ነው። ከወፉ እግር በታች ያለው ጥቁር አፈር ያን ጊዜ የብዙ ሰው ጭንቀት አልነበረም። እንዲያስጨንቅ ያደረገው የቦርኒዮ እሳት ነው።

አንድ ሚሊዮን ሄክታር ሩዝ

የኢንዶኔዥያው ፕሬዚዳንት ሱሃርቶ ከሚኮሩባቸው ነገሮች አንዱ በ1984 አገራቸውን በሩዝ ራሷን ማስቻላቸው ነበር። በ1990ዎቹ ግን ሕዝቡ እየበዛ፣ ጃቫ ላይ ያለው የእርሻ መሬት ወደ ፋብሪካና ሰፈር እየተቀየረ፣ አገሪቱ እንደገና ሩዝ መግዛት ጀመረች። ይህ ለሱሃርቶ የክብር ጉዳይ ሆነ። በ1995 መጨረሻ አንድ ድንጋጌ ወጣ፦ መካከለኛ ካሊማንታን ውስጥ ያለው አንድ ሚሊዮን ሄክታር ያህል ረግረግ ደን ወደ ሩዝ ማሳ ይቀየር!

ካሊማንታን የቦርኒዮ ደሴት የኢንዶኔዥያ ክፍል ነው። በ1996 ዛፉ ይጨፈጨፍ፣ ቦዩ ይቆፈር ጀመር። ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ቦይ ተቆፈረ። የአካባቢ ተጽእኖ ጥናቱ የተሠራው ቁፋሮው ከተጀመረ በኋላ ነው። (ይህች ነገር ለእኛም ጆሮ ብዙ እንግዳ አይደለችም፤ እንለፋት።) ከጃቫ የመጡ ገበሬዎች በአዲሱ መሬት ላይ ሰፈሩ። ፒት ግን አሲዳማ ነው፣ ማዕድኑም ጥቂት ነው፤ ሩዙ በአብዛኛው እምቢ አለ። ቦዩ በበኩሉ የተቆፈረለትን ሥራ በደንብ ሠራ፤ ረግረጉን አደረቀው።

በ1997 ኤል ኒኞ መጣና ዝናቡ ቀረ። መሬት ለማጽዳት የተለኮሰው እሳት ከቅጠሉ አልፎ ወደ ፒቱ ወረደ። ጭሱ ሲንጋፖርንና ማሌዢያን ሸፈነ፤ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ አውሮፕላን ቆመ፣ ሆስፒታሎች መተንፈስ ባቃታቸው ሰዎች ተጨናነቁ። ሱሃርቶ በ1998 ከሥልጣን ወረዱ፤ ፕሮጀክቱም ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። ቦዮቹ ግን እዚያው ቀሩ።

ጭሱን የመዘኑት

ሳይንስ እዚህ ታሪክ ውስጥ የገባው ከእሳቱ በኋላ ቢሆን ኖሮ ብዙም የሚወራ ነገር አይኖርም ነበር። ነገር ግን የካሊማንታኗ ከተማ የፓላንግካ ራያ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምረው በዚያ ደን ውስጥ አብረው ይሠሩ ነበር። ከኢንዶኔዥያ ወገን ግንባር ቀደሙ ሱዊዶ ሊሚን ናቸው፤ እዚያው ካሊማንታን የተወለዱ፣ ከዳያክ ሕዝብ የወጡ ምሁር። ከእንግሊዝ ደግሞ ጃክ ራይሊና ሱዛን ፔጅ። ስለዚህ እሳቱ ሲመጣ ፒቱ ከመቃጠሉ በፊት ምን ያህል ጥልቀት እንደነበረው የሚያውቅ ሰው ነበር።

የጀርመን ባልደረቦቻቸው የሳተላይት ምስል ጨመሩ። 2.5 ሚሊዮን ሄክታር የሚሆን አካባቢ ከቃጠሎው በፊትና በኋላ ተነጻጸረ። ከተቃጠለው መሬት ከአሥሩ ዘጠኙ እጅ ፒት ነበር። በ2002 «ኔቸር» መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ በ1997 የኢንዶኔዥያ ፒትና ደን ቃጠሎ ወደ አየር የለቀቀው ካርቦን ከ0.81 እስከ 2.57 ቢሊዮን ቶን እንደሚደርስ ገመቱ። ይህ ዓለም በሙሉ ነዳጅና ከሰል አቃጥሎ በዓመት ከሚለቀው ከ13 እስከ 40 በመቶ ማለት ነው። አስቡት፤ በአንድ አገር፣ በአንድ ዓመት፣ ያውም ዋናው ነገር እንደ ባዶ ቦታ ከተቆጠረ ረግረግ የወጣ።

ከዚህ በኋላ ረግረግን የወፍ ጉዳይ ብቻ ማድረግ አልተቻለም። ሊሚን በበኩላቸው ጽሑፍ ጽፈው አልተቀመጡም። የመንደር ሰዎችን አሰባስበው የእሳት አጥፊ ቡድን አቋቋሙ፤ ቦዮቹን እየደፈኑ ውሃውን የመመለስ ሙከራም ጀመሩ። ጃፓኖችም መጥተው ከፒቱ ወደ አየር የሚወጣውን ጋዝ ለዓመታት ለኩ። ድካሙ ግን ከጥፋቱ ጋር አልተመጣጠነም። በ2015 ሌላ ኤል ኒኞ መጣና ኢንዶኔዥያ ውስጥ 2.6 ሚሊዮን ሄክታር ነደደ። የዓለም ባንክ ኪሳራውን 16 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ገመተው። መንግሥት የፒት መሬት ማገገሚያ ድርጅት ያቋቋመው ከዚያ በኋላ፣ በ2016 ነው። ቦይ ለመቆፈር ሁለት ዓመት ይበቃል፤ ለመድፈን ሃያ ዓመትም አልበቃም።

«አገኙ» የተባለው ረግረግ

አሁን ወደ አፍሪካ እንመለስ። በ2014 የዓለም መገናኛ ብዙኃን «ሳይንቲስቶች ኮንጎ ውስጥ ግዙፍ ረግረግ አገኙ» ብለው ዘገቡ። ጋዜጠኝነት ስንማር መጀመሪያ የተነገረን «ማን? ምን? የት? መቼ? ለምን? እንዴት?» ብለን እንድንጠይቅ ነበር። እዚህ ዜና ውስጥ ከሁሉ የሚያስቸግረው የመጀመሪያው ጥያቄ ነው፤ ማን ነው ያገኘው?

የሊድስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ ግሬታ ዳርጂ ለዶክትሬቷ የሳተላይት መረጃ እያገናዘበች ዓመቱን ሙሉ ውሃ የማይለያቸውን የኮንጎ ደኖች ስትፈልግ ነበር። ከመምህሯ ከሳይመን ሉዊስ ጋር በ2012 ወደ ኮንጎ ሪፐብሊክ፣ ወደ ሊኩዋላ አካባቢ ሄደች። ከብራዛቪሉ ማሪየን ንጉዋቢ ዩኒቨርሲቲ ሰስፔንስ ኢፎና ያኒክ ቦኮ ተቀላቀሉ። መንገዱን የሚያውቁት፣ የትኛው ውሃ እንደሚሻገሩት የትኛው እንደሚያሰምጥ የሚያውቁት ግን የአካባቢው መንደሮች ነዋሪዎች ነበሩ። ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ እየሄዱ፣ በየተወሰነ ርቀት መሰርሰሪያ እየሰደዱ፣ ናሙና እየጫኑ ወጡ።

ውጤቱ በጥር 2017 ታተመ። ኩቬት ሳንትራል በተባለው የኮንጎ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ 145,500 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን፣ 30 ቢሊዮን ቶን ያህል ካርቦን የያዘ ፒት አለ። ዓለም ነዳጅና ከሰል አቃጥሎ በሦስት ዓመት የሚለቀውን ያህል ነው። የኮንጎ ተፋሰስ ደን ሁሉ ከመሬት በላይ ባሉት ዛፎቹ የያዘውን ያህልም ነው። መከማቸት የጀመረው ከ10,000 ዓመት በፊት ነው። በዓለም የሐሩር ክልል ከዚህ የሚተልቅ አንድ ወጥ የፒት ረግረግ አልተገኘም።

ጸሐፊዎቹ ሰባት ናቸው፤ ከሰባቱ ሁለቱ ኮንጎአውያን፣ ኢፎና ቦኮ። ከሰባቱ አንዷ ደግሞ ሱዛን ፔጅ ናቸው፤ የቦርኒዮን ጭስ የመዘኑት እኚያው ሴት። የካሊማንታን እውቀት በምን መንገድ ኮንጎ ገባ ለሚለን ሰው መልሱ በከፊል ይኸው ነው፤ በሰው ገባ።

ታዲያ ያገኘው ማን ነው? የረግረጉ ዳር ነዋሪዎች ዓሣ ሲያጠምዱበት፣ ሲያድኑበት ኖረዋል፤ ረግረጉ ለእነሱ ዜና አይደለም። የቆዩ ጽሑፎችም ፒት እንዳለ ፍንጭ ሰጥተው ነበር። ያልታወቀው ስፋቱ፣ ጥልቀቱና ትርጉሙ ነው፤ ያንን ለማወቅ ደግሞ ሳተላይቱም፣ ላቦራቶሪውም፣ መንገድ የሚያውቀው ሽማግሌም ያስፈልጋል። አንዱ ቢጎድል ሥራው አይሠራም። የሚያሳዝነው የሳተላይቱ ሰው ስም በርዕሱ ላይ ሲወጣ የሽማግሌው ስም አብዛኛውን ጊዜ የትም አለመውጣቱ ነው።

ዕፅዋት የደበቁት ሰው

ከወንዙ ማዶ፣ በዲሞክራቲክ ኮንጎ በኩል ያለው የረግረጉ ክፍል በ2017 ገና በእግር አልተለካም ነበር። ያን ሥራ ከመሩት አንዱ የኪሳንጋኒ ዩኒቨርሲቲው ኮርኔይ ኤዋንጎ ናቸው። እኚህን ሰው ሳናነሳ ማለፍ አልቻልንም።

ኤዋንጎ የዕፅዋት ተመራማሪ ናቸው። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ የኮንጎ ጦርነት ሲቀጣጠል ኢቱሪ ደን ውስጥ ባለው የኦካፒ ጥብቅ ክልል ይሠሩ ነበር። አለቆቻቸው ሸሹ፤ እሳቸው ቀሩ። የደረቁ የዕፅዋት ናሙናዎችን፣ ኮምፒውተሮችንና የምርምር መዛግብትን ከታጣቂዎች ደበቁ፤ ራሳቸውም ለሦስት ወር ያህል ጫካ ውስጥ ተሸሸጉ። ለዚህ ሥራቸው በ2005 የጎልድማን የአካባቢ ጥበቃ ሽልማት ተሰጣቸው። ዓለም አቀፍ ትብብር ሲባል ዶላርና አውሮፕላን ብቻ ለሚመስለን ሰዎች ይህ ታሪክ መልካም ማስታወሻ ነው። ያ ናሙና ቢቃጠል ኖሮ የትኛውም የውጭ ገንዘብ አይመልሰውም ነበር።

በ2022 የሁለቱ ኮንጎዎች መረጃ ተደምሮ አዲስ ስሌት ወጣ፤ ስፋቱ 167,600 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ካርቦኑ 29 ቢሊዮን ቶን አካባቢ። ስፋቱ ከኢትዮጵያ አንድ ሰባተኛ ይበልጣል። በዚያው ዓመት ፈረንሳዊው ኢቭ ጋርሲንና ባልደረቦቻቸው ሌላ ነገር ይዘው መጡ። ከ7,500 እስከ 2,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ አካባቢው ሲደርቅ ፒቱ ማደጉን አቁሞ፣ ቀድሞ የተከማቸውም በብዛት በስብሶ ነበር። ይህ ረግረግ አንድ ጊዜ ካርቦኑን ለቆ ያውቃል ማለት ነው፤ ያውም ማንም ቦይ ሳይቆፍርበት።

ሂሳቡን ማን ይክፈል?

በመጋቢት 2018 የሁለቱ ኮንጎዎችና የኢንዶኔዥያ መንግሥታት ብራዛቪል ላይ ተገናኙ። ኢንዶኔዥያ የመጣችው ለማስተማር ነበር፤ ግን የምታስተምረው በስኬቷ ሳይሆን በጥፋቷ ነው። ሦስቱ አገሮች ኩቬት ሳንትራልን ከመጠንፈፍና ከመቆፈር ለመጠበቅ የብራዛቪል መግለጫን ፈረሙ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ካነሳናቸው ስብሰባዎች ሁሉ እኛን የነካን ይሄኛው ነው። የተቃጠለበት ሰው ጎረቤቱን «እኔን ያየህ ተቀጣ» ሲል መስማት በመንግሥታት ዘንድ ብዙ አይገጥምም።

ነገሩ ግን በፊርማ አላለቀም። በሐምሌ 2022 ዲሞክራቲክ ኮንጎ 30 የነዳጅና የጋዝ ቦታዎችን ለጨረታ አቀረበች፤ ከመካከላቸው ፒቱ ላይ የሚያርፉ ነበሩ። ዓለም ጮኸ። የኪንሻሳ ባለሥልጣናት መልስም አጭር ነበር፦ ሕዝባችን ድሃ ነው፣ ነዳጁ የእኛ ነው፣ እናንተ የእናንተን አቃጥላችሁ ከበለጸጋችሁ በኋላ እኛን ተዉ አትበሉን። ጨረታው በጥቅምት 2024 ተሰረዘ። በ2025 ግን በአንድ በኩል ከኪቩ እስከ ኪንሻሳ የሚዘልቅ ግዙፍ አረንጓዴ ኮሪደር ታወጀ፤ በሌላ በኩል 52 አዳዲስ የነዳጅ ቦታዎች ለኩባንያዎች ተዘጋጁ። ነዳጅ ለማውጣት መንገድና ቦይ ያስፈልጋል። ቦይ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ካሊማንታን ነግራናለች።

እኛ የኪንሻሳን መልስ በቀላሉ ማጣጣል አልቻልንም። ረግረጉ ዳር የሚኖረው ሰው መብራት የለውም፣ ክሊኒኩ ሩቅ ነው። ዓለም «የሰው ልጅ ሁሉ ሀብት ነው» ካለው፣ የጥበቃው ወጪ የኮንጎ ብቻ የሚሆንበት ምክንያት አይታየንም። ግን ደግሞ «ተራው የእኛ ነው» ብሎ መቆፈር ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው ያንኑ ሰው እንደሆነ የካሊማንታን መንደሮች ምስክር ናቸው። በ1997 ያን ጭስ መጀመሪያ የተነፈሱት እነሱ ናቸው።

ስለዚህ የእኛ አስተያየት ይህ ነው። በመጀመሪያ፣ ረግረጉን ጠብቁ የሚሉ አገሮች ቃላቸውን ለአካባቢው ነዋሪ በሚደርስ ገንዘብ ይደግፉት። ሁለተኛ፣ መሰርሰሪያው፣ ላቦራቶሪውና የትምህርት ዕድሉ ብራዛቪልና ኪሳንጋኒ ይግባ፤ ኢፎና ኤዋንጎ ያስተማሯቸው ልጆች በራሳቸው አገር ተመራምረው በራሳቸው ስም ይጻፉ። እዚያው የተወለደ ሰው የደከመበትን ረግረግ ባዶ ቦታ ብሎ ለኩባንያ መስጠት ይከብዳል። ሱሃርቶ ድንጋጌውን ሲፈርሙ የነሊሚንን መረጃ የሚያነብ ባለሥልጣን አጠገባቸው ቢኖር ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብለን ደጋግመን ጠይቀናል።

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል። ይህን ጽሑፍ ስንጀምር ስለ ኩቬት ሳንትራል ምንም አናውቅም ነበር፤ አሁን የኮንጎ ዜና ሲመጣ ጆሯችንን እናቆማለን። እናንተም «ነዳጅ»፣ «ጨረታ» ወይም «ቦይ» የሚል ቃል ከዚያ አካባቢ ስትሰሙ ይህን ታሪክ አስታውሱት። ረግረጉ ግድብም፣ አጥርም፣ ሐውልትም አይፈልግም። የሚፈልገው ውሃው እንዲተውለት ነው።